ኢኒሺያላይዝን ከመጫንሽ በፊት፦ ቪኤስ ኮድ ሪፖሽን ማየት ያቆመው ለምንድነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ላፕቶፔ ተበላሽቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ። ፕሮጀክቶቼ ዲ ድራይቭ ላይ ስለነበሩ አልተነኩም። ቪኤስ ኮድንና ጊትን መልሼ ጫንኩ፣ ጊትሀብ አካውንቴም ገባሁ። ፕሮጀክቱን ስከፍተው ግን የሶርስ ኮንትሮል ፓነሉ ባዶ ነው። ብራንቼም የቀየርኳቸው ፋይሎችም አይታዩም። የሆነ ጽሑፍና አንድ ሰማያዊ በተን ብቻ አለ። ተርሚናል ላይ ጊት ቨርዥን ስል ቁጥሩን ይሰጠኛል፣ ስለዚህ ጊት ይሠራል። ቪኤስ ኮድን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት፣ ለውጥ የለም። ጓደኛዬ ‹ኢኒሺያላይዝ ሪፖዚተሪን ተጫኚው፣ ካልሆነም ዶት ጊት ፎልደሩን አጥፊና እንደ አዲስ ጀምሪ› አለኝ። ፑሽ ያላደረግኳቸው የሦስት ሳምንት ኮሚቶች አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ሁለቱንም አታድርጊ። ኢኒሺያላይዝንም፣ አዲስ ሪፖዚተሪ (ባጭሩ ሪፖ፣ ጊት ታሪኩን የሚከታተለው ፎልደር) የሚፈጥረውን በተን፣ አትጫኚ፣ ዶት ጊትንም አትንኪ። ፑሽ ያልተደረጉት ኮሚቶችሽ፣ ማለትም በጊት መዝግበሽ ወደ ጊትሀብ ያልላክሻቸው ለውጦች፣ ያሉት እዚያ ዶት ጊት ፎልደር ውስጥ፣ ጊት የፕሮጀክቱን ታሪክ በሚያስቀምጥበት ቦታ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የሉም። ጊትሀብ ስለነሱ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ቪኤስ ኮድም ቅጂ አላስቀመጠልሽም። ፎልደሩ ከጠፋ የሚቀርሽ ፋይሎቹ ዛሬ ያሉበት መልክ ብቻ ነው፤ ታሪኩ፣ ብራንቾቹ (ጎን ለጎን የምትሠሪባቸው የሥራ መስመሮች)፣ ስታሽ ያደረግሽው (ለጊዜው ወደ ጎን ያስቀመጥሽው ለውጥ) ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ምንም ከመሞከርሽ በፊት የፕሮጀክቱን ፎልደር ሙሉውን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጊ። ሙሉውን ስልሽ ፎልደሩን ራሱን ከውጭ ይዘሽ ነው እንጂ ውስጥ ገብተሽ ፋይሎቹን መርጠሽ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ዶት ጊት የተደበቀ ፎልደር ነው፤ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ካላደረግሽ ውስጥ ገብተሽ «ሁሉንም ምረጥ» ስትዪ እሱ ይቀራል። ብዙ ሰው «ባክአፕ አለኝ» ብሎ ተረጋግቶ በኋላ ሲከፍተው ዶት ጊቱን የሚያጣው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። መጀመሪያ ግን መጥራት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

ቪኤስ ኮድ ኮድ የምትጽፊበት ኤዲተር ነው፣ ጊት ደግሞ የፕሮጀክትሽን ለውጦች የሚመዘግበው ፕሮግራም፤ ቪኤስ ኮድ የራሱ ጊት የለውም። ኮምፒውተርሽ ላይ የተጫነውን የጊት ፕሮግራም ፈልጎ ያገኛል፣ አንቺ ተርሚናል ላይ የምትጽፊያቸውን ዓይነት ትዕዛዞች ከጀርባ ይሰጠዋል፣ የመጣለትን መልስ አንብቦ ፓነሉ ላይ ያሳይሻል። ከፋይሉ ስም ጎን የምታያት ኤም የምትል ፊደል፣ ከታች በግራ በኩል ያለው የብራንች ስም፣ የተቀየሩት ፋይሎች ብዛት፣ ሁሉም ከጊት የመጣ መልስ ነው። ጊት «ይህን ሪፖ አልከፍትም» ካለ ፓነሉ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ኤዲተሩን አሥር ጊዜ ብትጭኚውም ያው ነው፤ እምቢ ያለው እሱ አይደለምና።

ጊት ቨርዥን ቁጥር ሰጠሽ ማለትም ጊት ሪፖሽን ያነባል ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ ተጭኗል፣ ተርሚናሉም ያገኘዋል ማለት ብቻ ነው። ሪፖውን መክፈት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው ጊት ስታተስ ነው፣ እሱንም ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆነሽ ስትጽፊው። (ትዕዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፍልሽ፣ አንቺ ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊያቸው።) ቪኤስ ኮድ ውስጥ ያለውን ተርሚናል ክፈቺ፣ የመስመሩ መነሻ ላይ የሚታየው አድራሻ የፕሮጀክትሽ መሆኑን እዪ፣ ከዚያ ጊት ስታተስ በዪ። ከዚህች አንዲት መስመር የሚመጣው መልስ ችግሩን ግማሽ መንገድ ይወስደዋል።

ጊትሀብ አካውንትሽ ቪኤስ ኮድ ላይ መግባቱም ከዚህ ጋር አይገናኝም። ጊትና ጊትሀብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጊት እዚሁ ኮምፒውተርሽ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፣ ኢንተርኔትም አካውንትም ሳይኖር ይሠራል። ጊትሀብ ግን ኢንተርኔት ላይ ያለ የፕሮጀክት ማስቀመጫ ነው። አካውንቱ የሚያስፈልግሽ ፑሽና ፑል ስታደርጊ፣ ማለትም ለውጥ ወደዚያ ስትልኪና ከዚያ ስታወርጂ ነው። ባዶ ፓነል በአካውንት አይሞላም።

እንግዲህ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ያጣሽውን እንይ። ፕሮጀክቱ ዲ ላይ ስለነበር ምንም ያልተነካ ይመስላል። ግን ጊት የሚፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ ፕሮጀክቱ ውስጥ አይደሉም። የጊት ፕሮግራሙ ጠፍቶ ነበር፣ እሱን መልሰሽ ጭነሻል። ስምሽንና ኢሜይልሽን የያዘው ዶት ጊትኮንፊግ የሚባለው ፋይል የነበረው ሲ ድራይቭ ላይ፣ በተጠቃሚ ስምሽ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሄዷል። ኤስኤስኤች ቁልፍ (ያለ ፓስወርድ ከጊትሀብ ጋር የሚያገናኝሽ ፋይል) ከነበረሽ እሱም እዚያው ዶት ኤስኤስኤች ውስጥ ነበር፤ እሱም ሄዷል። አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ የፋይሎቹ ባለቤትነት። ዲ ላይ ያሉት ፋይሎች ዛሬም የድሮዋ አንቺ ናቸው፣ የአሁኗ አንቺ ለዊንዶውስ ሌላ ሰው ነሽ።

ፓነሉ ላይ «የሆነ ጽሑፍ» አለ ብለሻል፤ ምን እንደሚል ግን አልጻፍሽም። ቁልፉ እሱ ነው። ያቺ ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አይደለም የምታሳየው፣ እንደ ችግሩ ትለያያለች፤ በተኑ ግን ሰማያዊና ተመሳሳይ ስለሆነ ሰው ሳያነብ ይጫነዋል። «ዳውንሎድ ጊት» የሚል በተን ካለ ቪኤስ ኮድ የጊት ፕሮግራሙን አላገኘውም። ብዙውን ጊዜ ጊት የተጫነው ቪኤስ ኮድ ክፍት እያለ ነው፤ ሁሉንም የቪኤስ ኮድ መስኮቶች ዘግተሽ መልሰሽ ክፈቺ። አሁንም ካላየው ሴቲንግ ውስጥ ጊት ዶት ፓዝ የሚለው ላይ የጊት ዶት ኢኤክስኢን ሙሉ አድራሻ ስጪው። «ኖ ሶርስ ኮንትሮል ፕሮቫይደርስ ሬጂስተርድ» ካለ የጊቱ ኤክስቴንሽን ራሱ አልተነሳም። ዋነኛው ምክንያት ሬስትሪክትድ ሞድ ነው፦ ቪኤስ ኮድ አዲስ ፎልደር ሲከፈት «የዚህን ፎልደር ጸሐፊዎች ታምኛለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «አይ» ካልሽ ጊትን ጨምሮ ብዙ ነገር ይዘጋል። አንቺ ሁሉንም እንደ አዲስ ስለጫንሽ ይህ ጥያቄ መጥቶልሽ ሳታስተውዪው አልፈሽው ሊሆን ይችላል። ፎልደሩ የራስሽ ከሆነ ትረስት አድርጊው፣ አለቀ።

የተቀሩት ሦስቱ ናቸው የሚያምታቱት። አንዱ «ፎልደሩ የሌላ ተጠቃሚ ስለሆነ ሪፖው አስተማማኝ ላይሆን ይችላል» ይልና ማኔጅ አንሴፍ ሪፖዚተሪስ የሚል በተን ያሳያል። ሌላው «ሪፖው የተገኘው ከከፈትሽው ፎልደር በላይ ነው» ብሎ ኦፕን ሪፖዚተሪ ይላል። ሦስተኛው ነው «ይህ ፎልደር ሪፖዚተሪ የለውም» ብሎ ኢኒሺያላይዝ ሪፖዚተሪ የሚለው። ሦስቱም ሪፖሽን አያሳዩሽም፣ ትርጉማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከነገርሽኝ ተነስቼ የመጀመሪያውን ነው የምጠረጥረው። ጊት ስታተስ ስትዪ «ፌታል፦ ዲቴክትድ ዱቢየስ ኦውነርሺፕ ኢን ሪፖዚተሪ» የሚል መስመር ከመጣ ተረጋገጠ። ከሥሩ ያሉትን መስመሮች ዝም ብለሽ አትለፊያቸው። ዊንዶውስ ላይ ጊት ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ያሳይሻል፣ ሁለቱም ኤስ-1-5-21 ብለው ይጀምራሉ። አንዱ የፎልደሩ ባለቤት ነው፣ ሌላው አሁን ኮምፒውተሩን የከፈተው ሰው። መጨረሻቸውን አስተያዪ፣ አይገጥሙም። ሁለተኛው ቁጥር ጎን የአንቺ ስም ይኖራል፣ የመጀመሪያው ጎን ግን ስም ላይኖር ይችላል፤ ያ ተጠቃሚ ከድሮው ዊንዶውስ ጋር ስለጠፋ ወደ ስም የሚቀይረው የለም። ዊንዶውስ ሰውን የሚለየው በስሙ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው። እንደ አዲስ ሲጫን ያንኑ የድሮ ስምሽን ብትሰጪውም ቁጥሩ አዲስ ነው።

ጊት ለምን ይህን ያህል ይጠነቀቃል? በቂ ምክንያት አለው። የአንድ ሪፖ ኮንፊግ ፋይል ፕሮግራም እንዲነሳ ማዘዝ ይችላል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሰው ከአንቺ ፎልደር በላይ የራሱን ዶት ጊት ቢያስቀምጥ፣ አንቺ ጊት ስታተስ ስትዪ የእሱ ትዕዛዝ በአንቺ ስም ሊሠራ ይችል ነበር። ኤዲተር ክፍት ከሆነማ ባትጽፊም ጊት ከጀርባ ይጠራል። ይህ ክፍተት የተዘጋው በኤፕሪል 2022 በወጣው ጊት 2.35.2 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጊት የፎልደሩ ባለቤት አንቺ ካልሆንሽ አልከፍትም ይላል። ስለዚህ የገጠመሽ ነገር ብልሽት አይደለም። ጥበቃው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ፎልደሩ የራስሽ መሆኑን ብቻ ነው የማያውቀው።

መፍትሔው ሁለት መልክ አለው። ቀላሉ ይህን አንድ ፎልደር እንዲያምን መንገር ነው። የሚያስፈልግሽን ትዕዛዝ ጊት ራሱ ከስህተቱ ሥር ይጽፍልሻል፦ ጊት ኮንፊግ ይልና ግሎባል፣ አድ፣ ሴፍ ዶት ዳይሬክተሪ፣ ከዚያ የፎልደሩ አድራሻ። ከራስሽ አትጻፊው፣ እንዳለ ኮፒ አድርገሽ ለጥፊው። ቪኤስ ኮድ ላይ ማኔጅ አንሴፍ ሪፖዚተሪስ የሚለው በተንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ግሎባል የሚለውን ግን እንዳትተዪው። ይህ ሴቲንግ ሪፖው ውስጥ ቢጻፍ ጊት አይሰማውም፤ ቢሰማውማ የማይታመነው ሪፖ ራሱን «እመኑኝ» ማለት ይችል ነበር። ሁለተኛው መንገድ ባለቤትነቱን መቀየር ነው። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኪዩሪቲ፣ አድቫንስድ፣ ከላይ ኦውነር ከሚለው ጎን ቼንጅ። ስምሽን ስጪው፣ ከሥሩ ለውስጥ ፎልደሮችና ፋይሎች ሁሉ እንዲሠራ የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጊባት፣ አፕላይ በዪ። ዲ ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ ፕሮጀክት ስላለሽ፣ እኔ የምመክርሽ ይህን ሁለተኛውን ነው። ፕሮጀክቶችሽን በያዘው ፎልደር ላይ አንዴ ብታደርጊው ለሁሉም ይሆናል። ዲስኩ በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ከሆነ ግን ባለቤት የሚባል ነገር አይመዘግብምና የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው ያለሽ።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ በአድራሻው ቦታ የኮከብ ምልክት አድርጊ የሚል ምክር በየቦታው ታገኛለሽ። አዎ፣ ስህተቱ ይጠፋል። የሚጠፋው ግን ጥበቃው ለማንኛውም ፎልደር፣ ለዘለዓለም ስለሚዘጋ ነው። ነገ ከማታውቂው ሰው በፍላሽ የተቀበልሽውን ፎልደር ስትከፍቺም ጊት ዝም ይላል። አንድ መስመር ለመቆጠብ ብለሽ ይህን አትክፈዪ።

ፓነሉ ያለው «ከበላይ ፎልደር ውስጥ ሪፖ አግኝቻለሁ» ከሆነ ነገሩ በጣም ቀላል ነው። የከፈትሽው የሪፖውን የውስጥ ፎልደር ነው፣ ለምሳሌ ፍሮንትኤንዱን ብቻ፤ ዶት ጊቱ ደግሞ አንድ ደረጃ ከላይ ነው። ኦፕን ሪፖዚተሪን ተጫኚ ወይም ከላይ ያለውን ፎልደር ክፈቺ። ጊት ሪቭ-ፓርስ ብለሽ ሾው ቶፕሌቨልን ከሁለት ሰረዝ ጋር ብትጨምሪ፣ ጊት የሪፖው ሥር የትኛው ፎልደር እንደሆነ ይነግርሻል። ቪኤስ ኮድ ፋይል ዝርዝር ውስጥ ዶት ጊትን መፈለግ ግን ምንም አይጠቅምሽም። ኤዲተሩ ከዚያ ዝርዝር ሆን ብሎ ይደብቀዋል፣ ስላላየሽው የለም ማለት አይደለም።

የጓደኛሽ ምክር የሚያስፈራኝም እዚህ ላይ ነው። ኢኒሺያላይዝ ብትዪ ምን ይሆናል? ከውስጥ ፎልደር ሆነሽ ከተጫንሽው ሪፖው ውስጥ ሌላ ሪፖ ይፈጠራል። አዲሱ ታሪክ የለውም፣ ፋይሎችሽ ሁሉ ዩ የሚል ምልክት ይዘው እንደ አዲስ ይታያሉ፣ የላይኛው ሪፖም ከዚያ ፎልደር ለሚመጣ ለውጥ ግራ ይገባዋል። ከዚያ ሰው ይደነግጥና «ይሄ ሁሉ ቼንጅ ምንድነው» ብሎ ዲስካርድ ኦል ቼንጅስን ይጫናል። ጊት የማያውቃቸውን ፋይሎች ዲስካርድ ማድረግ ማለት መሰረዝ ማለት ነው፤ ወደኋላ የሚመልሳቸው ኮሚት የለም። በዚህ መንገድ የወራት ሥራቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። እኔም በጀማሪነቴ አንድ የውስጥ ፎልደር ላይ አድርጌዋለሁ፣ ያጣሁት ግን የአንድ ቀን ሥራ ስለነበረ ተረፍኩ። ስለዚህ ፓነሉ ላይ የማታውቂው ብዛት ያለው ለውጥ ካየሽ እጅሽን ሰብስቢ፣ ዲስካርድ የሚል ቃል ያለበትን ነገር አትንኪ።

ምናልባት ጥያቄውን ከላክሽ በኋላ ተጭነሽው ከሆነ አትደንግጪ። ምንም ኮሚት ካላደረግሽበት ይመለሳል። እዚያው ውስጥ ፎልደር ላይ ጊት ሎግ በዪ። «እስካሁን ምንም ኮሚት የለውም» ካለና ሪቭ-ፓርስ የውስጡን ፎልደር እንደ ሥር ካሳየሽ፣ የሚጠፋው ያ አዲሱ የውስጥ ዶት ጊት ነው። ሁለቱን ሳታረጋግጪ አታጥፊ። የኮሚት ዝርዝር ካሳየሽ የያዝሽው እውነተኛው ነው፣ ተዪው። ፋይል የተሰረዘብሽ ከሆነ ደግሞ ከማርች 2022 ወዲህ ያሉት የቪኤስ ኮድ ቨርዥኖች ፋይል ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር የሚያስቀምጡት ሎካል ሂስትሪ አለ፤ ኮማንድ ፓሌት ላይ (ኮንትሮል ሺፍት ፒ ስትጫኚ የሚከፈተው የትዕዛዝ መፈለጊያ) ሎካል ሂስትሪ ብለሽ ፈልጊው። ግን የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ላይ ስለሆነ ከአዲሱ ዊንዶውስ በፊት የነበረውን አታገኚውም።

በእውነት ዶት ጊት ከሌለስ? የፋይል ኤክስፕሎረር ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርገሽ ፎልደሩን እዪ። ከሌለ ወይ ኮፒ ሲደረግ ቀርቷል፣ ወይ መጀመሪያውኑ ፕሮጀክቱን ከጊትሀብ በዚፕ ነው ያወረድሽው፤ ዚፑ ዶት ጊት የለውም። እንዲህ ከሆነ ፑሽ ያልተደረጉት ኮሚቶች እዚህ ፎልደር ውስጥ የሉም፣ ሌላ ቅጂ ካለሽ ፈልጊ። ኮዱ ግን አልጠፋም። ሪፖውን ወደ ሌላ አዲስ ፎልደር ክሎን አድርጊ (ከነታሪኩ ከጊትሀብ አውርጂው)፣ ከዚያ የድሮውን ፎልደር ፋይሎች በላዩ ላይ ኮፒ አድርጊ። ጊት ስታተስ በጊትሀቡና በአንቺ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ያወጣልሻል። የሦስት ሳምንቱ ሥራ እንደ አንድ ትልቅ ለውጥ ይታይሻል፤ እየከፋፈልሽ ኮሚት ማድረግ ትችያለሽ። የድሮ ኮሚቶቹ መልእክትና ቀን አይመለስም፣ ሥራው ግን ይተርፋል።

ሪፖው ተከፈተልሽ እንበል። የሚቀጥለው ድንጋጤ ምናልባት ይህ ነው፦ አንድም ፋይል ሳትነኪ መቶዎቹ «ተቀይረዋል» ይላሉ። አንዱን ስትከፍቺ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው፣ ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ይህ የመስመር መጨረሻ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ እያንዳንዱን መስመር በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ይዘጋል፣ ሊኑክስና ማክ በአንድ። ቪኤስ ኮድ ከታች በቀኝ በኩል ሲአርኤልኤፍ ወይም ኤልኤፍ ብሎ የሚያሳይሽ እሱን ነው። ጊትን ስትጭኚ አንዱ ገጽ በዚህ ጉዳይ ምርጫ ይሰጥሻል፣ ኔክስት ኔክስት ብሎ የሚታለፍ ገጽ ነው። አሁን የመረጥሽው ከድሮው ጋር ካልገጠመ ጊት ፋይሎቹ በሙሉ የተቀየሩ ይመስሉታል። ለማረጋገጥ ጊት ዲፍ በዪና ኢግኖር-ሲአር-አት-ኢኦኤል የሚለውን ከሁለት ሰረዝ ጋር ጨምሪ። መልሱ ባዶ ከሆነ ይህ ብቻ ነው ችግሩ። ኮር ዶት አውቶሲአርኤልኤፍን በግሎባል ኮንፊግ ትሩ አድርጊው፣ ዝርዝሩ ይጠራል። ከሰው ጋር የምትሠሪበት ፕሮጀክት ከሆነ ሪፖው ሥር ዶት ጊትአትሪቢዩትስ የሚባል ፋይል ቢኖር ይሻላል፤ የእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር የየራሱን እንዳያደርግ ይገዛዋል። እነዚያን መቶ ፋይሎች ግን ኮሚት እንዳታደርጊ። የፕሮጀክቱ ታሪክ ላይ እያንዳንዱ መስመር ዛሬ በአንቺ የተጻፈ መስሎ ይቀራል፣ ሌሎች በየብራንቻቸው የሠሩትም ሲገጣጠም ይጋጫል።

ኮሚት ስታደርጊ «ዩዘር ዶት ኔምና ዩዘር ዶት ኢሜይል አስተካክዪ» ማለቱ አይቀርም። ዶት ጊትኮንፊጉ ስለጠፋ ነው። ሁለቱንም በጊት ኮንፊግ ግሎባል አስገቢ፣ ኢሜይሉንም የድሮውን ራሱን ተጠቀሚ፤ ካልሆነ ጊትሀብ አዲሶቹን ኮሚቶች ከአካውንትሽ ጋር ላያገናኛቸው ይችላል። ዊንዶውስ ሲጫን ሲ ፎርማት ካልተደረገ ደግሞ ሲ ላይ ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚባል ፎልደር ፈልጊ። ዩዘርስ ውስጥ የድሮ ስምሽ ፎልደር ካለ ዶት ጊትኮንፊግም ዶት ኤስኤስኤችም እዚያ ሊገኙ ይችላሉ። ዛሬውኑ አውጫቸው፤ ዊንዶውስ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ያን ፎልደር በራሱ ሊሰርዘው ይችላል።

ፑሽ ሲመጣ፣ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ከጊት ጋር አብሮ የተጫነው ክሬደንሻል ማኔጀር ብራውዘር ከፍቶ እንድትገቢ ያደርግሻል። ፓስወርድ እዚያው ተርሚናል ላይ ጠይቆሽ ከጻፍሽ አይቀበልም፤ ጊትሀብ በጊት በኩል የአካውንት ፓስወርድ መቀበል ያቆመው ኦገስት 13፣ 2021 ነው። በኤስኤስኤች ከነበረና ቁልፉን ካጣሽ አዲስ ፍጠሪ፣ ፐብሊኩን ጊትሀብ ላይ አስመዝግቢ፣ የድሮውን ከዝርዝሩ አውጪው። ጊት ሪሞት ቪ፣ ቪዋን ከአንድ ሰረዝ ጋር፣ ብትጽፊ የትኛው እንደሆነ ያሳይሻል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ከገጠመሽ ግምት ውስጥ አትግቢ። ኮማንድ ፓሌቱን በኮንትሮል ሺፍት ፒ ክፈቺና ጊት ሾው ጊት አውትፑት በዪ። ቪኤስ ኮድ ለጊት የሰጠው ትዕዛዝና የመጣው መልስ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ፌታል ወይም ኤረር የሚል ቃል ያለበትን መስመር ፈልጊ። ኢንዴክስ ዶት ሎክ የሚል ካየሽ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ጊት ሥራ ላይ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ጊት የሚጠቀም ፕሮግራም ክፍት አለመሆኑን አይተሽ ያችን አንዲት ፋይል ብቻ አጥፊ። የተበላሸ ኦብጀክት የሚል ካየሽ ግን ቁሚ፣ እሱ የዲስክ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ከኮፒው ላይ ነው መሠራት ያለበት፣ ከኦሪጅናሉ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ የምታደርጊው እንዲህ ነው። ሙሉውን ፎልደር ኮፒ አድርጊ። ፓነሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ ጊት ስታተስ በዪ። የባለቤትነት ስህተቱ ከመጣ የፕሮጀክቶቹን ፎልደር ባለቤትነት ወደራስሽ አዙሪ፣ ቪኤስ ኮድን ዘግተሽ ክፈቺ። ጊት ሎግ በዪና የሦስት ሳምንቱ ኮሚቶች መኖራቸውን በዓይንሽ አረጋግጪ። ከዚያ ሌላ ምንም ከመሥራትሽ በፊት ፑሽ አድርጊያቸው፣ ሥራው ያላለቀ ቢሆንም በሌላ ብራንች ስም። ጊት ስታተስ ያመጣው መልስ ከጻፍኩልሽ ውጭ ከሆነ መስመሩን እንዳለ፣ ሳታሳጥሪ ላኪልኝ።